የመክሊት መክሰስና ያልተሳልሽው ስለት

ውድ እህቴ እቴናት፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያምሽ የነበረው ወገብሽ ተሻለሽ? ሳሙና የላጠው እጅሽስ ዳነ? እመቤትሽ አርብ አርብ ታሳርፍሻለች ወይስ ያንንም ከለከለችሽ? አብራሽ ያለችው አመተ ማርያም እንዴት ናት? እኔ፣ ታረቀኝና ልጃችን የሽዋስ እግዚአብሔር ይመስገን በጤና አለን። ልጅሽ መክሊትም አለች። ደህና ናት ብዬ ልጽፍልሽ ግን አልቻልኩም፤ ደብዳቤውን የምጽፈውም ለዚሁ ነው። በሕይወት አለች፣ ትሄዳለች፣ ትናገራለች። መጀመሪያ ይህን ልንገርሽና ሌላውን ቀስ ብለሽ አንብቢው።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስለማይቻል ነው። ኢንተርኔት ከጠፋብን ቆይቷል። መስመሩ የሠራ ቀን ደግሞ መክሊት ገና ድምፅሽን ስትሰማ ስልኩን ከጆሮዬ ትነጥቀኛለች። ከጎኔም አትጠፋም። የታረቀኝ የእህት ልጅ እየሩስ በዚህ ሳምንት ወደ ኩዌት ስለምትበር በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ። ፖስታውን እንዳትከፍተው ነግሬያታለሁ። ብትከፍተውም ግድ የለኝም፤ ግማሹን ሰፈሩ ያውቀዋል።

ለፋሲካ የላክሽው ካርቶን ደርሶናል። ቀሚሱ ልኳ ነው፤ ጫማው ትንሽ ሰፍቷታል። ብስኩቱንና ቸኮሌቱን ግን አልሰጠኋትም። ጅዳ አምስት ዓመት የኖረው ባለ ሱቁ የማሸጊያውን ዐረብኛ አንድ በአንድ አነበበልኝ። ወተት የሌለበት የለም። ሁለቱ እንቁላል፣ ሦስቱ ለውዝ አለባቸው። «እናትየዋ ልጇን ረሳቻት እንዴ?» ብሎ ቀለደ። አንቺ ስትሄጂ ሁለት ዓመቷ እንደነበር፣ የደብረ ማርቆሱ ሐኪም ወተትና ቅቤ፣ አይብ፣ እንቁላልና ለውዝ የከለከላት ከሄድሽ በኋላ እንደሆነ ነገርኩት። ያኔ በስልክ ነግሬሽ «ስታድግ ይተዋታል» ብለሽኝ ነበር። አልተዋትም። ብስኩቱን ለየሽዋስና ለጎረቤት ልጆች አደልኩት። ሲበሉ ቆማ አየቻቸው። አላለቀሰችም።

ከሐኪሙ ክልከላ ይልቅ ያስቸገረኝ የራሷ ምርጫ ነበር። ርጥብ ነገር አትነካም። ወጥ የነካው እንጀራ ለእሷ አበቃለት። ድንች ቅቅል ልጣጩ ከተሰነጠቀ አትበላም፤ ሙዝ ነጥብ ካየችበት ትመልሰዋለች። የምትወደው ሲቆረጠም የሚጮህ ነገር ነው። የሱቅ ቆሎ ለውዝ ስለሚቀላቀልበት ገብሱን ራሴ እየቆላሁ ለትምህርት ቤት መክሰስ በትንሽ ከረጢት አሲዛት ነበር። የባቄላ አሹቅ አደርግላታለሁ፣ ፈንዲሻ አፈነዳላታለሁ፣ ዳቦ ቆሎውን በቅቤ ፋንታ በዘይት አሻለሁ። አንዱን ለአንድ ሳምንት ከበላች በኋላ ታኮርፈውና ወደ ሌላው እሄዳለሁ። በሶን ግን አኩርፋው አታውቅም። በዘይትና በስኳር ጥብቅ አድርጌ አሽቼ እንደ ብይ አድበለብልላታለሁ፤ አይጮህም፣ ግን እጅ አያቆሽሽም ብላ ወደደችው። እንዲህ እንዲህ እያልን አሥራ ስምንት ኪሎ ደርሳ ነበር።

አሁን የምነግርሽ ሳላማክርሽ ያደረግሁትን ነው።

እዚህ ሰው ወተት ልጅን ያሳምማል ቢሉት አያምንም። «ላም ስለሌላችሁ ነው» ብለው ይስቁብኛል። ጎረቤታችን እማማ ማንጠግቦሽ «ወተት ያመመው ልጅ በየት አገር ታየ? የሰው ዓይን ነው፤ ጠበል አስጠምቂያት» ትለኝ ነበር። አንዷ አይብ ታቀምሳታለች፣ ሌላዋ በእንቁላል የተለወሰ ዳቦ ትሰጣታለች። ሦስት ጊዜ አብጣብኛለች። ባለፈው ዓመት ማስረዳቱ ሰለቸኝና አንድ ቀን ማኅበር ላይ እንዲህ አልኩ፦ «እናቷ ለደብረ ወርቅ ማርያም ተስላለች። እስክትመለስ ድረስ ልጅቷ ፍስክ አትቀምስም።» ለውዙንም ጨመርኩበት፤ ለውዝ ምን አድርጎ ነው ያለኝ ሰው አልነበረም።

ሐኪሙ ሲከለክል የሳቀው ሰፈር ስለቱን አከበረው። ክርስትና ቤትም ሆነ ዝክር ላይ ሴቶቹ ራሳቸው ለብቻ ሰሃን ያወጡላት ጀመር። አንድ ዓመት ሙሉ አላበጠችም። የሰፈሩ ልጆች «እማሆይ መክሊት፣ ይፍቱኝ» እያሉ ያበሽቋት ነበር፤ እሷ ግን ኮራችበት። አንድ ቀን ለየሽዋስ «እኔ ካልበላሁ እማዬ ትመጣለች» ስትለው ሰማሁ። ያኔ ማረም ነበረብኝ። አላረምኳትም። ሦስት አራት ልጆች አብረው በሚበሉበት ቦታ ሁሉ እኔ መቆም አልችልም፤ ስለቱ ይቆምልኝ ነበር።

የግንቦት ልደታ ዕለት ሰፈሩ እንደ ልማዱ ደጅ ተሰብስቦ ንፍሮ ቀቀለ። እማማ ማንጠግቦሽን ከፋሲካ ወዲህ አንድ ነገር ሲከነክናት ሰንብቷል። በበዓለ ሃምሳ መነኩሴ እንኳ አይጾምም፤ ይህች ሕፃን እንዴት ትጾማለች ብላ ለንስሐ አባቷ ለቄስ እንዳላማው ነገረቻቸው። እሳቸውም «ትልቅ ሰው ያልተፈቀደለትን ሕፃን ላይ መጫን አይገባም። ስለቱን ፈትቻለሁ፤ እናቷ ስትመለስ ጧፍ ታግባ» አሉ። ያሉት ሥርዓቱን ነው። ስለቱ እውነት ቢሆን ኖሮ ትክክል ነበሩ።

ማንጠግቦሽ ደስ ሊለኝ መስሏት ሳትነግረኝ በሶ በለጋ ቅቤ አሸች። እኔ እንደማደርገው አድርጋ አድበልብላ በሞሰብ ይዛ መጣች። እኔ ወዲያ ዳቦ እየቆረስኩ ነበር። መክሊት «የጾም ነው?» ብላ ጠየቀቻት። «ስለትሽ ተፈቷል የኔ እናት፤ ብዪ» አለቻት። «እማዬ መጣች?» «ትመጣለች።» ሁለት በላች። ሦስተኛውን ለእኔ ይዛልኝ መጣች። አጠገቤ ስትደርስ ከንፈሯ አብጦ ነበር።

ሁሉንም አልጽፍልሽም። ዓይኖቿ ተደፈኑ፤ ትንፋሿ ያፏጭ ጀመር። ታረቀኝ አቅፏት ባጃጅ ውስጥ ገባ፣ እኔ በባዶ እግሬ ተከተልኩ። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ጥፍሯ ጠቁሮ፣ አንገቷ እጁ ላይ ተንጋልሎ ነበር። መርፌ ወጓት። ቆይታ አለቀሰች፤ ለቅሶዋን ስሰማ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። መንገዱ ዝግ ስለነበር ደብረ ማርቆስ ያደረስናት በአራተኛው ቀን ነው። ሐኪሙ መርምሯት እብጠቱ እንዳለፈ፣ እንደገና ቢያገኛት ግን ከዚህ ሊብስ እንደሚችል ነገረን። በቀን አምስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ እንድትበላ አዝዞ ሸኘን።

አሁን የማትበላ ሆነች። ስለቱ ሳይደርስ ስለበላሁ ማርያም ቀጣችኝ ብላለች። በሶ ስታይ ትሸሻለች፤ እቃውን ራሱን ከቤት አወጣሁት። ፍስኩን ብቻ አይደለም፤ ምንም ነገር ከሰው እጅ አትቀበልም። የምትበላው ዓይኗ እያየ የቆላሁትን ገብስ ነው፤ እሱንም ፍሬ ፍሬውን እየመረጠች። ምጣዱን አጥቤ አሳያታለሁ፣ ማማሰያውን ታሸትተዋለች። የባቄላ አሹቅ አቀረብኩ፣ እምቢ። ስኳር ድንች ቀጭን ቀጭን ከትፌ እስኪጮህ ድረስ ጠበስኩላት፤ አንድ ቀን በላች፣ ከዚያ ዘይቱን ተጠራጠረችው። ቂጣ በጨው አድርቄ ሰባበርኩላት፤ ሁለት ስባሪ በልታ ሌላውን ለዶሮ ጣለችው። ሙዝ ትበላለች፣ ራሷ ከላጠችው ብቻ። ባለፈው ሳምንት ስትመዘን አሥራ አራት ኪሎ ከግማሽ ሆናለች። ፀጉሯ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። የሰኔ ጾም ከገባ ወዲህ ደግሞ ሰው ሁሉ አብሯት የጾመ መስሏት የገብሱንም መጠን ቀንሳለች።

እውነቱን ነግሬያታለሁ። ፊት ለፊቴ አስቀምጬ «ስለት የለም፤ ሰዎች እንዳይሰጡሽ እኔ የፈጠርኩት ነው። ያሳመመሽ ቅቤው ነው» አልኳት። «እንድበላልሽ ነው የምትዋሺኝ» አለችኝ። ቄስ እንዳላማውን ለምኜ አመጣኋቸው። ሽማግሌው እያለቀሱ ነገሯት። እሳቸው ሲወጡ «ያን ጊዜም ፈታሁ ብለው ነበር» አለች። ለዚህ ምን ይመለሳል? አስተማሪ ነኝ፤ በየቀኑ ከስልሳ ልጅ ጋር እውላለሁ።

ለማንጠግቦሽም ነገርኳት። ከልደታ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ እየመጣች ደጃፋችን ላይ ትቀመጥ ነበር፣ አትገባም፤ «እኔ ነኝ የገደልኳት» ትላለች። ሦስት ሳምንት አይቻት አልቻልኩም። ስለቱ ውሸት እንደነበር ስነግራት «በማርያም ስም?» አለች። ቀጥላም «ይህን ያህል ዘመን ጎረቤት ሆነን ወተት ያማታል ብትይኝ አላምንሽም ነበር?» አለችኝ። አላመነችኝም ነበር፤ ብዙ ጊዜ ነግሬያታለሁና። ግን አላልኳትም። ተነሥታ ሄደች። አሁን በመንገድ ስንገናኝ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ ታደርጋለች። ታረቀኝ ደግሞ «ሐኪም ያላስረዳውን ሰፈር በስለት አስረድተሽ፣ አሁን አንዲት ሕፃን ማስረዳት አቃተሽ» ይለኛል። ክፉ ሆኖ አይደለም። ማታ ማታ ገብሱን አብሮኝ የሚለቅመው እሱ ነው።

እቴናት፣ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ተሳለች የተባልሽው አንቺ ነሽና የምታምነው አንቺን ብቻ ነው። አርብ ስትደውይ ስልኩን ለእሷ ሰጥቼ ከቤት እወጣለሁ፤ እኔ ያስጠናሁሽ እንዳይመስላት ስሜን አታንሺ። ስለት ተስዬ አላውቅም በያት። ቅቤና ወተት አካልሽ ስለማይቀበለው እንጂ በሌላ ነገር አልታመምሽም በያት። ይህ ቀላሉ ነው።

ሁለተኛው ይከብድሻል። ውልሽን ለሁለት ዓመት እንዳራዘምሽ ለእኔ ነግረሽኛል፤ ለእሷ ግን አሁንም በመስከረም እመጣለሁ ትያታለሽ። ግድግዳው ላይ በከሰል እየጫረች ቀኑን ትቆጥራለች። ለምን እንዳራዘምሽ አውቃለሁ፤ ነይም አልልሽም። ነገር ግን መስከረም መጥቶ አንቺ ስትቀሪ ቅቤ በመብላቷ የቀረሽ ይመስላታል። ያኔ የምትበላው ገብስም አይኖርም፣ እኔም የማደርገው አይኖረኝም። ስለዚህ አሁኑኑ በራስሽ አፍ ንገሪያት፤ በመስከረም አልመጣም፣ ብትጾሚም ብትበዪም የምመጣበት ቀን አይለወጥም በያት። ታለቅሳለች፤ አንቺም ታለቅሻለሽ። ቃልሽን ግን መልሰሽ አትጠፊው። እንዲህ ስትያት ሰምታ «እሺ» ብቻ ልትልሽ ትችላለች፤ ስልኩንም ልትዘጋብሽ ትችላለች። አትቀየሚያት። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ እሞክራለሁ።

ከዚህ ወዲያ ብስኩት አትላኪ። መክሰሷን የምትይዝበት ክዳኑ የሚገጥም የምሳ ዕቃ ካገኘሽ እሱን ላኪልኝ፤ ትምህርት ቤት የሌላ ልጅ እጅ እንዳይገባበት የምትቆልፈው ቢሆን ይሻላል።

ታረቀኝ እጅግ አድርጎ ሰላም ይልሻል። የሽዋስ ፈተና ላይ ነው፤ ሰላም በይልኝ ብሏል፤ የላክሽለት ሹራብ ልኩ ሆኗል። ደብረ ወርቅ ያሉት እናታችንና ወንድማችን ዘመነ ደህና ናቸው፤ ለእነሱ ያልነገርኩት ስላለ አንቺም እንዳትነግሪያቸው። ቄስ እንዳላማው በጸሎት አስብሻለሁ ብለዋል። እማማ ማንጠግቦሽ ሰላምታ አልላከችም፤ አልጠየቅኋትም። ለአመተ ማርያም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እየሩስ ለአገሩ አዲስ ናት፤ ስትደርስ ፈልገሽ አግኚያት፣ የማታውቀውን አሳዪያት።

መክሊት ይህን ደብዳቤ መጻፌን አታውቅም፤ ስለዚህ የእሷ ሰላምታ የለበትም።

እህትሽ የብርጓል
ሉማሜ፣ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.