ሐኪሟ ጠይቃኝ ነበር

ልጄ ናኦድ፣

አፈር ካለበስንህ ሁለት ዓመት ሊሞላ አሥራ አንድ ቀን ቀረው። ይህን የምጽፍልህ በራሴ እጅ ነው። አንተ በሕይወት ሳለህ ስሜን እንኳ መጻፍ አልችልም ነበር፤ ፊደል የቆጠርኩት አንተን ከቀበርኩ በኋላ፣ በስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረድብኝ፤ የቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች ተሰብረው ታስረዋል። እንዴት እንደተሰበሩ እነግርሃለሁ።

ሉዊስ ሴንተር ያለው ቤትህ ውስጥ የለሁም። ሊንደን ሰፈር ውስጥ፣ የወሎዋ እትዬ ዘሀራ ዘንድ አንድ ክፍል ይዣለሁ። ሚስትህ ሄለን አባርራኛለች። አልፈርድባትም ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እፈርድባታለሁ።

ተከላካይ ያደረግሁህ እኔ ነኝ። ከሱዳን ስደት ወጥተን ሜልበርን ስንገባ ስድስት ዓመትህ ነበር፤ አባት የለህም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ከንፈርህ ፈንድቶ እያለቀስክ መጣህ። እኔም ያንኑ በጥፊ ደገምኩህና «ሁለተኛ ተመትተህ ቤቴ እንዳትገባ» አልኩህ። ሁለተኛ አልቅሰህ አልመጣህም። እያለቀሱ ደጃችን የሚመጡት የሌሎች ልጆች እናቶች ሆኑ። ኳስ ስትጀምር አሰልጣኙ አንዴ አየህና ከኋላ አቆመህ። ኳሱ ቢያልፍህ ሰውየው አያልፍህም ነበር።

በዚሁ እንጀራህን በላህ። አፍንጫህ ሁለት ጊዜ፣ ትከሻህ አንድ ጊዜ ተሰበረ። አደሌድ ከተማ ስትጫወት ሁለት ጥርስ ከደም ጋር ተፍተህ ጨዋታውን ጨረስክ። አንድ አጥቂ እግሩ በጫማህ ሥር ሲሰበር በቴሌቪዥን አይቻለሁ፤ አጥንቱ ካልሲውን ቀድዶ ወጣ። አብረውኝ የነበሩት ፊታቸውን ሲሸፍኑ እኔ አጨበጨብኩ። የወደቀው የእኔ ልጅ አይደለም ብዬ። ለአውስትራሊያ ብሔራዊ ቡድን አንድ ጊዜ ተጠርተህ፣ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ውለህ ስትመለስ የሳሎኑን ግድግዳ በቡጢ በሳኸው። ያንንም ወንድነት ነው አልኩ። ክለብ ከክለብ ስትል ሠላሳ አንድ ሞላህና እዚህ አሜሪካ፣ ኮለምበስ ያለ አንድ ትንሽ ቡድን ወሰደህ። ሄለንን አገባህ፤ እኔንም አስመጣኸኝ።

ከመሞትህ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ሄለን ለእህቷ ሠርግ ሲያትል ነበረች። ከማዕዘን የተሻማውን ኳስ አጥቂው በግንባሩ ሊመታ ሲዘል አንተም ዘለልክ። ጭንቅላታችሁ ሲጋጭ ድምፁ እኔ ከተቀመጥኩበት ድረስ ተሰማ። ቅንድብህ ተተርትሮ ደሙ ባገጭህ ይወርድ ነበር። ተነሥተህ ጨረስክ። ወደ ቤት ስንመለስ መኪናውን መንገድ ዳር አቁመህ አስመለሰህ፤ በነጠላዬ ጠረግሁልህ።

የቡድናችሁ ሐኪም ከሜዳ ስትወጣ ሁለት ወረቀት ሰጥታህ ነበር። አንዱ በእንግሊዝኛ፣ ሌላው አብራህ ለምትሆነው እናትህ በአማርኛ። የእንግሊዝኛውን ሄለን እንዳታየው ቀደድከው። የአማርኛውን ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍክና ሳቅህ። ያኔ እኔ ማንበብ አልችልም፤ አንተና ሄለንም ሰው አገር አድጋችሁ ፊደሉን አታውቁትም።

እሑድ ጠዋት ሐኪሟ በአስተርጓሚ ኮል አደረገችልኝ። አስመልሶታል ወይ? ብርሃን ይረብሸዋል ወይ? የሚናገረው ይጠፋበታል ወይ? አንተ መጋረጃውን ዘግተህ ፊት ለፊቴ ተቀምጠሃል፤ ጣትህን ከንፈርህ ላይ አድርገህ ታየኛለህ። ኮንትራትህ የሚታደስበት ወር ነበር። እኛ ደግሞ የቤታችንን ሕመም ለባዳ አናወራም፤ ለጠየቀን ሁሉ መልሳችን አንድ ነው። «ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳት። ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። ሦስት ጊዜ ያንኑ መለስኩላት። ቃሌን አምና እንድትጫወት ፈቀደችልህ።

በሳምንቱ የአንድ ተጫዋች ክርን ጆሮ ግንድህን መታህ፤ ከባድ ምት እንኳ አልነበረም። በጉልበትህ ተንበረከክህ፣ ከዚያ ሣሩ ላይ በፊትህ ተደፋህ። እግሮችህ ብቻ መሬቱን ይደበድቡ ነበር።

ለቀስተኛው ሁሉ «ሐኪሟ ናት የገደለችው» አለ። ሄለን ጉልበቴ ላይ ወድቃ «እማማ፣ ማንም ኮል አላደረገልሽም?» ብላ ጠየቀችኝ። «ማንም አልጠየቀኝም» አልኳት። ደረቴን እየደቃሁ ሐኪሟን ከእነዘሯ ረገምኩ። ሄለን ከሰሰቻት፤ ሴትዮዋ ከሥራ ታገደች። ደውዬ ጠይቄያለሁ ብትልም አስተርጓሚው ስላልተገኘ ማን ይስማት። እኔ ዝም አልኩ።

እትዬ ዘሀራን ያገኘኋት በክሊቭላንድ ጎዳና አውቶቡስ ውስጥ ነው። ኦቤትስ በሚባል አካባቢ መጋዘን ውስጥ ትሠራለች፤ በእረፍት ቀኗ ፊደል አስቆጠረችኝ። እርሳሱ ከጣቶቼ ሲያመልጥ «ኧረ በአላህ፣ ያን ግንድ የሚያህል ልጅ ያዘለች ሴት እርሳስ ከበዳት?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ፊደል መግጠም ስጀምር ወረቀቱን ከማቀዝቀዣው ላይ አነሣሁት። እስክጨርሰው ረፋዱ አለቀ። «ካስመለሰው ሳትዘገዩ ሐኪም ቤት አምጡት። ሳይድን እንደገና ከተመታ ሊሞት ይችላል» ይላል። ከዚያ በኋላ አላወቅሁም ነበር ብሎ መተኛት ቀረ።

«ሐኪሟ ጠይቃኝ ነበር፤ ዋሽቻታለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ለፍርድ ቤቱ ዳኛ ከመስጠቴ በፊት ለሄለን አነበብኩላት። እርሷም ልብሴን አውጥታ በረንዳ ላይ በተነችው። ፎቶህን ስጪኝ ብዬ የበሩን መቃን ስይዝ ወርውራ ዘጋችው። አጥንቱ ሲሰበር ሁለታችንም ሰማን። ከፈተችና ጣቶቼን አየች። እጄን ሳላነሣ ደግማ ዘጋችው። የመጀመሪያውን ሳታየኝ ነው እላለሁ።

ወረቀቱን በማግስቱ ሰጠሁ። ሐኪሟ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። አላመሰገነችኝም፤ ምን ብላ ታመስግነኝ።

ለሙት ዓመትህ ቤተ ክርስቲያን ድርሽ እንዳልል ሄለን ልካብኛለች። በማልያ የተነሣኸውን ፎቶ አስቀድመው፣ በሐኪም ስህተት የተቀጠፈ ጀግና እያሉ ሊያለቅሱልህ ነው። እመጣለሁ። ቢገፈትሩኝም እመጣለሁ፤ ለሐኪሟ የመለስኩላትን በአንደበቴ እነግራቸዋለሁ። እነርሱ ጀግናቸውን ያስታውሱ። እኔ እስክሞት የማስታውሰው መጋረጃ ዘግቶ ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደረገውን፣ ፈርቶ ፍርሃቱን መናገር ያላስተማርኩትን ልጄን ነው።

እናትህ