ጊፍቲ ያልፈለገችው ፋብሪካ

ይድረስ ነቀምቴ ለምትገኚው ለውድ እናቴ፤

እማዬ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከርመሻል? የደም ግፊትሽ እንዴት ነው? ጨው ቀነስሽ ወይስ ዛሬም ሐኪሙን ትሸውጂዋለሽ? ጉልበትሽስ የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ያስወጣሻል? አባባስ ሳላቸው ለቀቃቸው? ላሚቱ፣ የጓሮው ጎመን፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደኅና ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ውኃ በመጣ ቀን እየቀዳን፣ ጠዋት ጠዋት ለታክሲ እየተሰለፍን ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። ያስቸገረን ናፍቆትሽ ብቻ ነው።

ይህን ደብዳቤ ለሠርግ ወደዚያ ለሚመጣው ለአገራችን ልጅ ለባጫ የሰጠሁት፣ እኔና ጊፍቲ በምንኖርባት አንድ ክፍል ውስጥ ስለ ጊፍቲ በስልክ ማውራት ስለማይቻል ነው። ባጫ እንደነገረኝ፣ አንቺ ለማኅበርተኞችሽ «ታናሿ ልጄ ወንዝ የማይበክል፣ ለሠራተኛው የሚያስብ መስሪያ ቤት መርጣ ገባች» እያልሽ ታወሪያለሽ። ስሰማ ቀናሁ። ካንቺ መደበቅ ምን ይሠራልኛል፣ እንቅልፍ እስኪነሳኝ ድረስ ነው የቀናሁት።

የሆነው እንዲህ ነው። ጊፍቲ ተመርቃ እንደመጣች እኔ ሂሳብ ክፍል በምሠራበት ቆዳ ፋብሪካ አንድ ቦታ ተከፈተ። የሰው ኃይል ኃላፊያችንን አቶ ፈቃደን ስንት ቀን ደጅ ጠናሁ። የጽሑፍ ፈተናውን አልፋ ቃለ መጠይቅ ገባች። መጨረሻ ላይ ጥያቄ ካለሽ ሲሏት ሌላ ሰው ቢሆን የለኝም፣ አመሰግናለሁ ብሎ ይወጣ ነበር። የአንቺ ልጅ ግን ፍሳሹ ተጣርቶ ነው ወይ ወንዝ የሚገባው፣ የሚያጠቡ እናቶችስ የሕፃናት ማቆያ አላቸው ወይ ብላ ጠየቀች። አቶ ፈቃደም የማጣሪያው ነገር በሂደት ላይ ነው አሏት። እኔ ከተቀጠርኩ ጀምሮ በሂደት ላይ ነው። ያም ሆኖ አልፈሻል ብለው ሲጠሯት አልመጣም አለች። እኔ እኚያን ሰውዬ ላለማግኘት ስንት ቀን በጓሮ በር ገባሁ።

ከዚያ አብነት ሰፈር ያለ አንድ ትንሽ ድርጅት ገባች። ያገለገለ ፕላስቲክ ሰብስበው የውኃ ቱቦ ይሠራሉ፤ ለእናቶችም የሕፃናት ማቆያ አላቸው። ደሞዙ እኛ ፋብሪካ ከሚከፈለው በጣም ያንሳል፣ ግን ለመቀጠር የሚጋፋው ተመራቂ ለጉድ ነው። አብሯት የሚሠራው ሔኖክ የባንክ ሥራውን ጥሎ ነው የመጣው። የዛሬ ልጆች ቀጣሪን ለጋብቻ እንደመጣ ሰው ነው የሚያጠኑት፤ ሰባት ቤት ይቆጥሩበታል። ማንን በደለ፣ ማንን ረዳ፣ ቆሻሻውን የት ደፋ ይላሉ። እኔ በተመረቅሁ ጊዜ የጠየቅሁት መቼ ልጀምር የሚለውን ብቻ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ የድርጅቱ ሠራተኞች ክረምት ላይ የተከሏቸውን ችግኞች ውኃ ሊያጠጡ ሲሄዱ ተከትያት ሄድኩ። ለመርዳት እንዳይመስልሽ፣ ጉድ ለማየት ነው። የእኛ ፋብሪካ በየዓመቱ ቲሸርትና ኮፍያ አልብሶ፣ ፎቶ አስነስቶ ያስተክለናል፤ በዓመቱ ተመልሰን እዚያው ጉድጓድ ውስጥ እንተክላለን። የእነሱም ከእጅ አይሻል ዶማ ነው ብዬ የደረቀ ስፈልግ ዋልኩ። አንድ ጥግ ላይ ጥቂት ደርቀው ሳገኝ ደስ አለኝ፤ ጠርቼም አሳየኋት። እሷ ግን ቅር እንኳ ሳይላት፣ እነሱንማ አይተናቸዋል፣ ሰኔ ላይ ይተካሉ ብላ ነቀለቻቸውና ጀሪካኑን አሸከመችኝ። የቀረው ሁሉ አረንጓዴ ነበር። ፎቶ የሚያነሳም አልነበረም።

የሚያበግነኝ ምን መሰለሽ፣ ልክ መሆኗ ነው። ብትሳሳት ይሻለኝ ነበር። ግን እሷ መምረጥ የቻለችው እኔ ስላልመረጥኩ ነው። ኪራዩን የሚከፍለው፣ ያንቺንም መድኃኒት የሚገዛው ያ የሚሸተው ፋብሪካ ነው። ማታ ስገባ ደግሞ ልብስሽ ቆዳ ቆዳ ይላል፣ መስኮት ክፈቺ ትለኛለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። የእነ ጊፍቲ ድርጅት የሂሳብ ሠራተኛ ይፈልጋል። ማስታወቂያውን ያሳየችኝ ራሷ ናት፤ ሥራ ለሚፈልግ ሰው ንገሪ ብላ እንጂ ለእኔ አስባ አይደለም። እኔ ልወዳደር ነው ስላት ሳቀች። ከልቤ መሆኑን ስታይ ግን ሳቋ ጠፋ። ታዲያ የቤት ኪራዩስ አለችኝ። ያቺ ፍሳሹ የት ይገባል ብላ ሹም ያፋጠጠች ልጅ ናት እንዲህ ያለችኝ። እኔም ይህን ጥያቄ አራት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ስጠይቀው ኖሬያለሁ አልኳት።

ማመልከቻዬን አስገብቻለሁ፤ ፈተናው መጋቢት መጀመሪያ ላይ ነው። ካለፍኩ ይህን ቤት ለቀን ጠመንጃ ያዥ ሰፈር አንዲት ርካሽ ሰርቪስ ቤት እንከራያለን። መድኃኒትሽን ወንድማችን ቤካ ከሱቁ ይርዳሽ፤ እስከ ዛሬ አልጠየቅነውም እንጂ እምቢ የሚል ልጅ አይደለም። አንቺ ቅሪ ካልሽኝ ግን እቀራለሁ፣ ቃልሽን አላልፍም። እንደዚያ ከሆነ ለማኅበርተኞችሽ ስለ ጊፍቲ ስታወሪ አንድ ነገር ጨምሪልኝ፤ ታናሿ የመረጠችበትን ታላቋ እየከፈለች ነው በያቸው።

አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ቤካን፣ ሚስቱንና ልጆቹን አንድ በአንድ ሰላም በይልኝ። እትዬ ወይንሀረግን አጥር ላይ ስታገኚያቸው ለሊሴ አልረሳችዎትም በያቸው። ጊፍቲም ሰላም ብላሻለች እንዳልልሽ፣ ይህን መጻፌን አታውቅም።

የምትወድሽ ታላቋ ልጅሽ
ለሊሴ

ልደታ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.