የበጓ ግራ እግር

ሴፕቴምበር 12፣ ዓርብ

ኬልሶ ከተማ፣ የአውራ በግ ገበያ ዋልኩ። ዝናብ አልነበረም፣ ንፋስ ብቻ። እረኛው ዋት ኤሊዮት ከሩቅ አየኝና እየጮኸ መጣ። ባለፈው ወር ለሽያጭ የወጣውን የአውራ በግ ቅርጼን ለሴት ልጁ የሠርግ ስጦታ ገዝቶላታል።

«አንተ ሄክተር! ያንን የግራ የፊት እግር እንዴት አድርገህ ነው ያቆምከው? እንዲህ የሚቆም በግ ቢኖረኝ ዛሬ እዚህ ጭቃ ውስጥ አልገኝም ነበር!»

አመሰገንኩ። በግ ሲገዛ ከእግር የሚጀምር ሰው ነው፣ ምስጋናው ቀላል አይደለም። መኪና ውስጥ ገብቼ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ያንን እግር እንደዚያ አድርጌ መሥራቴ ትዝ አይለኝም። ትንሽ ሰበር አድርጌው አልነበረም እንዴ?

ቤት ስደርስ የመኪናዬ የግራ ጎን መስታወት ተሰንጥቋል። በዚህ ዓመት ሦስተኛው ነው። የገጨው የወተት መኪናው ሹፌር ነው፣ ሌላ ማን ይሆናል?

ሴፕቴምበር 13፣ ቅዳሜ

አውራ በጉን ከመደርደሪያ አወረድኩት። ከሥሩ ስሜ አለ... ሄ. ቴልፈር። የኔ ነው። የኔ ደግሞ አይደለም። ምኑ እንደሆነ ግን መናገር አልቻልኩም።

ከሰሙ ጋር እንዳላስተያየው ሰሙ የለም። ሁልጊዜም የለም። እኔ ቤቴ በሰም እሠራለሁ፣ የፋብሪካው ሻጋታ ሠሪ ጊዲዮን ፈሳሽ ጎማ ያፈስበታል። ጎማው ደርቆ ሲከፈት ሰሙ ፍርስርሱ ይወጣል። በባዶው ቦታ ሬዚን የሚባለው ፈሳሽ ፕላስቲክ ይገባል። ከዚያ በኋላ ምን ሠርቼ እንደላክሁ የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን። እኔና ጊዲዮን።

ሃያ አምስት ዓመት ይህንን አስቤው አላውቅም።

ሴፕቴምበር 18፣ ሐሙስ

ሳልነግራቸው ወደ ፋብሪካው ሄድኩ። ጊዲዮን መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ይሞርዳል። ሲያየኝ በእጁ የያዘው ላይ ጨርቅ ጣል አደረገበት።

«ምንድን ነው የሸፈንከው?»

«አቧራ እንዳይገባበት ነው።»

«የማን ሥራ ነው?»

«ያንተ ነዋ! የማን ይሆናል?» ብሎ ሳቀ። ጊዲዮን ሌይድሎ... ሳቀ! በዓመት ሁለቴ የማይስቅ ሰው።

ስወጣ ዳይሬክተሩ ተከትሎኝ ወጣ። «ሚስተር ቴልፈር፣ ትናንት ከጊዲዮን ጋር ስለ እርስዎ ስናወራ ነበር። በደጉ ነው!» በደጉ ከሆነ ምን አላችሁ ብዬ ጠየቅሁት። «ይደርሳል» ብሎኝ ገባ።

ማታ በእራት ላይ ባለቤቴን ኢሶቤልን ጠየቅኋት። እዚያው ነው የምትሠራው፣ የእንስሶቹን ዓይን የምትቀባው እሷ ናት። «ጊዲዮን ሥራዬን ይነካል እንዴ?» ሹካዋ ቆመ። «ሻጋታው የሚተወውን ስፌት ሲሞርድ ሳይነካ እንዴት ይሆናል?» አለች። እኔ የጠየቅሁት ሌላ፣ እሷ የመለሰችው ሌላ።

ሚስቴም?

ሴፕቴምበር 20፣ ቅዳሜ

አሁን ገባኝ። ድሮ ጊዲዮንም ቅርጽ ሠሪ ነበር። ለዚህ ቦታ ሁለታችንም አንድ አንድ የውሻ ቅርጽ ሠርተን አቀረብን። የኔን ወሰዱ፣ እሱን ሻጋታ ክፍል ወረወሩት። ነገሩን አንድም ቀን አንስቶት አያውቅም። ሃያ አምስት ዓመት ዝም የሚል ሰው ጤነኛ ነው? ዛሬ እግር፣ ነገ ጆሮ... አንድ ቀን ዳይሬክተሩ ፊት ቆሞ «ይሄ እኮ ድሮም የኔ እጅ ነው» ሊል ነው። ያኔ ስሜ ከሥሩ ይፋቃል። ከስሜ ሌላ ደግሞ ምን አለኝ?

ሴፕቴምበር 23፣ ማክሰኞ

ዘዴ አገኘሁ። አዲስ ትእዛዝ አለ፣ ሁለት ግልገል ያላት በግ። ጨርሼ ከመላኬ በፊት እያንዳንዱን አካል ካሊፐር በሚባለው መለኪያ ለክቼ እዚህ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ሬዚን ሲደርቅ በጥቂቱ ይኮማተራል፣ ሁሉም ነገር እኩል ያንሳል። በራሱ የሚያድግ ነገር የለም። ያደገ ካለ ሰው ነው ያሳደገው።

ኦክቶበር 2፣ ሐሙስ

በጓ አለቀች። ሱፉ ብቻ አራት ቀን ፈጀብኝ። እያንዳንዱን ጥቅልል በጥርስ ሐኪም መርፌ ነው የሠራሁት። ከሠራኋቸው ሁሉ ይህችን የሚያክል የለም፣ ለራሴ ስለምጽፍ ልዋሽ አልችልም።

ልኬት። ቁመት 118 ሚሊ ሜትር። ቀኝ የፊት እግር 46፣ የኋላ 48፣ ጆሮ 15።

ኢሶቤል ከፋብሪካ ለምሳ መጥታ ጠራችኝ። ከምሳ በኋላ ግራውን ለካሁ። የፊት እግር 43፣ የኋላ 46፣ ጆሮ 13።

ደብተሩን ቆልፌ አስቀመጥኩ። ቁልፉ ኪሴ ነው። ና እንግዲህ ጊዲዮን!

ኦክቶበር 9፣ ሐሙስ

ከሬዚን የወጣችው የመጀመሪያዋ በግ ደረሰች። ኢሶቤል በቦርሳዋ ይዛልኝ መጣች። በሩን ዘግቼ ለካሁ። ቁመት 117 ተኩል። ቀኝ የፊት እግር 45 ተኩል። ጥሩ፣ አንሷል፣ እንደሚገባው።

ግራ የፊት እግር... 45 ተኩል። ከ43! ግራ ጆሮ 15!

ያዝኩት! አደገ! ቤቱ እስኪናወጥ ጮህኩ። ኢሶቤል ሮጣ መጣች።

«ያ ጓደኛሽ ሌባ ነው! ይኸው ማስረጃው!»

ደብተሩን ከእጄ ወስዳ ገጹን አየችው። አልተቆጣችም። እሱ ነው የገረመኝ። «ሄክተር... የጻፍከውን ራስህ ደግመህ አንብበው» ብላ ልብስ ልታሰጣ ወጣች።

አነበብኩ። ቀኝ 46። ግራ 43። ይሄ የሬዚኑ አይደለም። የሰሙ ነው። የኔ ነው።

ሜዳ ላይ በአራት እግሯ የቆመች በግ... አንዱ የፊት እግሯ ሦስት ሚሊ ሜትር ያጥራል?

ጠረጴዛው ላይ ገና ያላለቀ የበግ ጠባቂ ውሻ አለኝ። ለካሁት። ቀኝ 38፣ ግራ 35። ካሊፐሩን አስቀምጬ በዓይኔ አየሁት። እኩል ነው። ደግሜ ለካሁ፣ ደግሜ አየሁ። አሁንም ለዓይኔ እኩል ነው።

ፈራሁ።

ኦክቶበር 10፣ ዓርብ

ጊዲዮን ጋ ሄድኩ። ሰላም እንኳ አላልኩትም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ሞረዱን አስቀመጠ። ምን እንደምጠይቀው ገብቶታል። «ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ግራ ግራው ያንሳል። መጀመሪያ ያየችው ኢሶቤል ናት፣ ሁለቱ ዓይኖች አልገጥም ብለዋት።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ልነግርህ ሁለት ጊዜ ቤትህ መጥቻለሁ። አንዱን ቀን የወተት ሹፌሩን ስትሳደብ አገኘሁህ፣ ሌላውን ቀን አጥሬን ገጨብኝ ብለህ ጎረቤትህን። በግራህ በኩል ያለ ሰው ሁሉ ጠላትህ ሆኗል። ‹አይ ሄክ፣ የምትገጨው አንተ ነህ› ብልህ ታምነኝ ነበር?»

ሞረዱን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

«ዳይሬክተሩስ?»

«እሱ! በግና ፍየል መለየት መቼ ቻለና! ሃያ አምስተኛ ዓመትህን ሊያከብርልህ ነው፣ ንግግር አድርግ ብሎ ይነዘንዘኛል። እኔ ደግሞ ንግግር እንደምጠላ ታውቃለህ።»

ተናደድኩ። አፈርኩ። የቱ እንደሚበልጥ አላውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከኋላዬ ሲያስተካክል... ልጅ ነኝ እንዴ? በሩ ጋ ስደርስ ጠራኝ።

«ሱፉን ግን እኔ በሕልሜም አልሠራውም። ይሄን ስማ።»

ዞር ብዬ አላየሁትም።

ኦክቶበር 13፣ ሰኞ

የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ተያዘ። ከኢሶቤል ጋር እስካሁን አልተነጋገርንም። ሾርባ አቀረበች፣ በላሁ።

ኦክቶበር 24፣ ዓርብ

ዓይኔ ጤነኛ ነው አሉ። ችግሩ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው። ሁለት ዓመት ገደማ የሆነው ትንሽ የደም መርጋት ነው፣ ሳላውቀው መጥቶ ሳላውቀው ሄዷል። ከግራ የማየውን ቆርጦ ወስዶታል።

«ጨለማ አይታየኝም እኮ» አልኩ።

«አይታይዎትም» አለች ሐኪሟ። «አእምሮዎ ክፍተቱን ራሱ ይሞላዋል። የጎደለ ነገር እንዳለ አይነግርዎትም።»

ይመለሳል ወይ አልኩ። አይመለስም። መኪናም ከእንግዲህ አልነዳም። ቁልፉን ለኢሶቤል ሰጠኋት። መንገድ ላይ አለቀሰች። «ፈርቼ ነው» አለች፣ «ከነገርኩህ ሥራውን ትተዋለህ፣ ከተውክ ደግሞ ምን ትሆንብኛለህ?» እጇን ያዝኳት። እኔ እኮ ስንት ነገር ጠርጥሬያት ነበር።

ከሰዓት የወተት ሹፌሩን በር ላይ ጠብቄ ይቅርታ ጠየቅሁት። ለምን እንደሆነ አልገባውም። ሁለት ጠርሙስ በነጻ ሰጠኝ።

ኦክቶበር 30፣ ሐሙስ

ሰም አልነካሁም። መተው ይሻላል? በካሊፐር እየለካሁ ብሠራስ? ሞከርኩ... ርዝመቱ ይገጥማል፣ ነፍስ ግን የለውም። ሬሳ ነው የሚመስለው።

ኖቬምበር 5፣ ረቡዕ

ውሻውን ጨረስኩት። ማለት... ቀኙን። የቀኙ ፀጉር አንድ በአንድ አልቋል። የግራውን እግር፣ ጆሮና ጉንጭ ግን ሰም ጨምሬ ወፍራም አድርጌ ተውኩት፣ ጊዲዮን የሚቆርጠው እንዲኖረው። ጠዋት ያለ ደብዳቤ በሣጥን በኢሶቤል እጅ ላክሁት።

እኩለ ቀን ላይ ጊዲዮን ደወለ።

«ሄክ፣ ይሄ ግራው አላለቀም እኮ።»

«አውቃለሁ።»

ሣጥኑን ሲከድን ሰማሁ።

«እዚህ ብቻዬን አልነካውም» አለ። «አንተ አጠገብ ሆኜ ነው። ስትጮህብኝ እየሰማሁ።»

«እሱማ እጮህብሃለሁ!»

ሰኞ ጠዋት ውሻውን ይዞ ይመጣል። ወንበር አዘጋጀሁለት። በግራዬ በኩል፣ እጁን በማላይበት።