ውሃ ልክ

ሐምሌ 26

ዳግም ዛሬ ለስልጠና አዲስ አበባ ሄደ። ከዘመን መለወጫ በፊት አይመለስም። ሻንጣውን እንኳ ሳይዘጋ እጄን ይዞ ወደ ሳሎን ወሰደኝ። ኑዛዜ መሰለኝ... ለካ ስለ ገንዳው ነው።

ወንድሜ ድንጋይ ይቀልባል። ሌላ ምን ብዬ ልጻፈው? ሁለት ሐይቅ ባለበት ከተማ ውሃ በጨው ዱቄት በጥብጦ፣ ባሕር ነው ብሎ፣ ጅቡቲ ሲሠራ የለመዳቸውን ኮራሎች በመስታወት ገንዳ ያኖራል። እንስሳት ናቸው ይላል። ድንጋይ ቤት የሚሠሩ እንስሳት። ለቤታቸው ካልሲየም ይፈልጋሉ። አልካሊኒቲ የሚሉት ሌላ ነገርም አለ፤ እሱ በዳቦ ሶዳ ነው የሚሞላው። የሁለቱም ልክ መጠበቅ አለበት። ይለካል፣ ይጨመራል፣ እንደገና ይለካል። ለእኔ እንዲህ የተጨነቀልኝ ሰው መቼ ነበር?

«ልክነሽ፣ አንቺን ብቻ ነው የማምነው። ምኞት እጇ ይከብዳል። እንዳትነግሪያት።»

«ሚስትህ አይደለችም እንዴ?»

«ስለሆነች ነዋ የማውቃት!»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ... «በደንብ ከያዝሽልኝ የመንገድ ዳሩ ክፍል ያንቺ ነው። ማንም አይነካብሽም።»

ትዳሬን ጥዬ ከጨንቻ ከወረድኩ ጀምሮ በዚያች ክፍል እንደ እንግዳ ነው የምኖረው። ማሰሮ እንኳ ሳስቀምጥ አስፈቅጄ ነው። ያቺን አንዲት ቃል ስጠብቅ ኖሬ፣ ድንጋይ በመቀለብ ትገኛለች ብዬ አላሰብኩም።

ሐምሌ 28

ምኞት ንጋት ላይ ቸርች ለጸሎት ትሄዳለች። ሳሎኑ የእኔ ሆነ። ውሃውን በትንሽ ብልቃጥ ቀዳሁ፣ ጠብታ በጠብታ መድኃኒት ጨመርኩ፣ ቀለሙ ከሮዝ ወደ ሰማያዊ እስኪለወጥ አፍጥጬ ጠበቅኩ። ሽንት የሚመረምር ነርስ መሰልኩ። ልኩ ደህና ነው። ዳግም ያዘዘኝን ከሁለቱም ጨመርኩና ጠርሙሶቹን ደበቅኩ። በዚህ ዕድሜዬ ሶዳ ልደብቅ!

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። ከእንግዲህ ቀን ቀን ቅዳሴ ነኝ። ጠዋቱ ግን የድንጋዮቹ ነው።

ሶዳውን ስጨምር ጎረቤታችን ጋሼ ኦይታ ደረሰብኝ። ዕድሜውን ሙሉ ጫሞ ላይ ዓሣ ሲያጠምድ የኖረ ሰው። አጎንብሶ ብርቱካንማዋን ዓሣ አያት።

«ይቺ ትጠበሳለች?»

«አትጠበስም።»

«ትቀቀላለች?»

«አትበላም ጋሼ ኦይታ።»

«እና ምን ትሠራለች?»

«ትታያለች።»

«ለመታየትማ አዞውም ይታያል። ሶዳ የሚያጠጣው ግን አላየሁም።»

ሳቄን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

ነሐሴ 5

ካልሲየሙ አሻቅቧል። ዓይኔ ይሆን? ዳግም ግን በየቀኑ ጨምሪ ነው ያለው። ጨመርኩ።

ነሐሴ 8

አሁን ደግሞ ወረደ። ሁለቱም! እየጨመርኩ እንዴት ይወርዳል? ፓምፑ ላይ ነጭ ነገር ተጋግሯል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚይዘው ዓይነት። ኮራሎቹ ጫፍ ጫፋቸው ገርጥቷል። እኔም ገርጥቻለሁ። በደንብ አብዝቼ ጨመርኩ።

ምኞት ምሳ ላይ ሰረቅ እያደረገች ታየኛለች። ያወቀች ይሆን? «እትዬ፣ ጾሙ ከበደሽ እንዴ?» አለችኝ ማር ማር በሚል ድምፅ። እኔም «ኧረ ደህና ነኝ ምኞትዬ።» እንዲህ ነን እኛ... ማሩ ከአፋችን አይወርድም።

ነሐሴ 11

ጉድ ሆንኩ። ሶዳውን ሳፈሰው ውሃው በአንድ ጊዜ ነጭ ሆነ። ወተት! ዓሣዋ ወተት ውስጥ ትዋኛለች። መጀመሪያ የታየኝ ዓሣዋም ኮራሉም አይደለም፤ ፍራሼ መንገድ ዳር ወጥቶ ነው።

ለዳግም ከመደወል ሞት ይሻለኛል። ይህን ሙያ ላስተማረው ለተክለወልድ ጅቡቲ ደወልኩ።

«እህቴ፣ ካልሲየሙና ሶዳው በዝተው ሲገናኙ ተያይዘው ድንጋይ ይሆናሉ። እንደ ዱቄት ይወርዳሉ። ለዚህ ነው ስትጨምሪ የሚቀንሰው። ማግኒዥየም ካለ ግን መሃል ገብቶ ያቆያቸዋል።»

«እንደ ሽማግሌ?»

ሳቀ። «እንደ ሽማግሌ። የእናንተ ሽማግሌ አልቋል ማለት ነው። ለመሆኑ የምትጨምሩት ስንት ናችሁ?»

«እኔ ብቻ።»

«የምትይኝ ልክ ለአንድ ሰው በዛ። እርግጠኛ ነሽ?»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም አልለቀቀኝም... እርግጠኛ ነኝ?

ነሐሴ 12

ቅዳሴ እንደምሄድ ሰው ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ፣ በጓሮ ዞሬ ገባሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጋረጃ ጀርባ ቆምኩ። ብዙም ሳይቆይ ምኞት መጣች። በሩን ቆለፈች። ከሶፋው ሥር... ጠርሙስ! እሷም ጠርሙስ አላት! ሳትለካ፣ ሳታይ፣ ግልብጥ አድርጋ ደፋችው።

«አምባሻ ልትጋግሪ ነው?» አልኩ መጋረጃውን ገልጬ።

ጮኸች። «እትዬ! ቅዳሴ አልሄድሽም?»

«አንቺ በማን ፈቃድ ነው የምትደፊው?»

«ዳግም ነዋ! አንቺን ብቻ ነው የማምነው አለኝ። ልክነሽ ዓይኗ ደክሟል፣ ትደፋዋለች፣ እንዳትነግሪያት አለኝ።»

«እኔን ደግሞ ምኞት እጇ ይከብዳል ብሎኛል።»

«እጄ? የኔ እጅ ይከብዳል?» ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ጠረጴዛው ዘለለ። መሳቅ አማረኝ፤ አልሳቅኩም።

«ምን ሊሰጥሽ ቃል ገባልሽ?» አልኳት።

መሬት መሬት አየች። «የመንገድ ዳሩን ክፍል። ፀጉር ቤት እንድከፍትበት።»

«እኔስ የት ልጣል?»

«ገረሴ አክስቷ ጋ ትሄዳለች አለኝ። ራሷ ፈልጋ ነው አለኝ... እትዬ ሙች፣ እውነት መስሎኝ ነው።»

ቁጭ አልኩ። ገረሴ ያለችው አክስቴ እንደሞተች እሱም ያውቃል፤ ቀብር ላይ አብረን ነበርን። ወንድሜ ስሙ ዳግም ነው፤ ቃልም የሚሰጠው ዳግም ነው። አንዱን ክፍል ለሁለት ሰው፣ አንዱን ገንዳ ለሁለት ሰው።

«እንደውልና ልክ ልኩን እንንገረው» አልኩ።

«አይ። መጥቶ ፊት ለፊት ይስማው» አለች ምኞት። እንዲህ ዓይነት ሴት መሆኗን ማን ነገረኝ?

ነሐሴ 14

ሶዳም ካልሲየምም አቆምን። አብረን ውሃ ቀየርን፣ ፓምፑን በአቼቶ አጠብን፣ ከዳግም ሣጥን ማግኒዥየም አግኝተን በጥቂቱ ጨመርን። «ሽማግሌው ገቡ» አለች። እሷ ታንጠባጥባለች፣ እኔ ቀለም አያለሁ።

«ሰማያዊ ሆነ?»

«ገና ነው። ሐምራዊ ነው።»

«እትዬ፣ እውነትም ዓይንሽ ደክሟል!»

«አንቺም እጅሽ ከባድ ነው!»

ደግሞ ሳቅን። ምን ሆነን ነው?

ነሐሴ 25

ልኩ ቆመ። ኮራሎቹ ተከፈቱ፤ አንዱ ግን አልተነሣም። ምኞት ጓሮ ቀበረችው። ጋሼ ኦይታ «ድንጋይ ስትቀብሩ አየሁ» ብሎ ለሰፈሩ አወራ። ያውራ።

ጳጉሜን 3

ዳግም ደወለልኝ። ስልኩን ድምፁ ለሁለታችንም እንዲሰማ አድርጌ ከፈትኩት። «ለምኞት አልነገርሽም አይደል?» «ኧረ በጭራሽ!» ወዲያው ለእሷ ደወለ። «ለልክነሽ አልነገርሽም አይደል?» «ምን በወጣኝ!» ትራሱን አፏ ውስጥ ከታ ነው የሳቀችው።

ከዚያ ድንገት ተነሥታ ሳሎኑን ዞር ዞር ብላ አየችው። የመንገዱ በር፣ መስኮቱ፣ ውሃው፣ መብራቱ...

«ይሄ ሳሎን አይደል?»

«ነው።»

«የፀጉር ሳሎን ይሁና!»

ጋሼ ኦይታ ሁለት አጥማጆች ይዞ መጣ። ኮራሉ በሳፋ፣ ዓሣዋ በባልዲ፣ ገንዳው በትከሻ። የባልና ሚስቱ መኝታ ቤት ገባ፣ ከራስጌው አጠገብ። ምኞት ዕቃዋን ጠቅልላ ወደ እኔ ክፍል መጣች። «እሱ እስኪለምደው ድረስ» አለች። ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ያጉረመርማል፤ እንደ ተቆጣ አማች።

መስከረም 5

መጣ። በሳሎኑ መሃል መስታወትና የፀጉር ማድረቂያ ሲያይ ቤት የተሳሳተ መሰለው። ወጥቶ ቁጥሩን አይቶ ተመለሰ!

«ገንዳዬስ?»

«ከትራስህ አጠገብ» አለች ምኞት። «የመንገድ ዳሩን ክፍል ለማን ነው የሰጠኸው?»

ጣሪያ አየ። እኔን አየ። እንደገና ጣሪያ።

«እኔ እኮ... ለሁለታችሁም አስቤ...»

«ገረሴ አስበህ ነው?» አልኩት። ደም ስሩ ተገተረ።

«ቁልፉን ስጣት» አለች ምኞት።

ከቁልፎቹ መሃል ፈልጎ፣ ጥፍሩን እስኪያመው ታግሎ፣ ፈትቶ ሰጠኝ። ክፍሌ ገብቼ በሩን ከውስጥ ቆልፌ አየሁት። ከዚያ ከፈትኩት። ደግሞ ቆለፍኩት።

መስከረም 13

ለመስቀል ፀጉሩን የሚያሠራ ሰው በዛ። ምኞት ትሠራለች፣ እኔ አጥባለሁ፣ ወሬው ደግሞ ራሱን ይሠራል። የጨንቻ፣ የዶርዜ፣ የሲቀላ... ያልሰማሁት የለም።

ምሳ ሰዓት ላይ ዳግም ብልቃጡን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ፓምፑ አያስተኛውም። ሴቶቹ ሁሉ ዞር አሉ።

«ልክነሽ... ምኞት... ቀለሙ ሰማያዊ ነው ሐምራዊ? አንዳችሁ ብታዩልኝ...»

ምኞት ከምትሠራው ፀጉር ላይ ዓይኗን አላነሣችም።

«ተራ ያዝ።»