ከፏፏቴው ጀርባ

ሐምሌ 6፣ ሰኞ። ከቀኑ 11 ሰዓት
የቦዬ ሥር ቀቀልኩ። የሚጠቀስበትን ዳታ በርበሬም ፈጨሁ። እማዬ አልቀመሰችም። አባዬ አንዱን ልጦ በእጁ እንደያዘው ቀረ። ድስቱን መልሼ ከደንኩት።

ማስታወሻዬ፣ እህቴ ቃልኪዳን ከሞተች ወዲህ ቤታችን እንዲህ ነው። ከአረካ ስትመለስ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ተገለበጠ። ዩኒ. ልትጨርስ ትንሽ ነበር የቀራት። እኔ 12ኛን ተፈትኜ ውጤት እየጠበቅኩ ነው። ቢመጣስ ለማን አሳየዋለሁ?

ዛሬ የቤ/ክ ሰዎች መጡ። ዘመሩ፣ ጸለዩ። አንዷ እማዬን፣ ሳሮን አለችልሽ አይደል፣ በእሷ ተጽናኚ አለቻት። እማዬ ቀና ብላ አየችኝ። እንደ እንግዳ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጃኬቴን ይዤ ወጣሁ። ዝናብ። ወደ ዳሞታ ተራራ ዝም ብዬ ሽቅብ።

አሁን ገና ተመለስኩ። ያየሁትን ዛሬ መጻፍ አልችልም።

ሐምሌ 7፣ ማክሰኞ። ጠዋት
እሺ። ልጻፈው።

ተራራው ወገብ ላይ አንድ ፏፏቴ አለ፤ ከጀርባው ድንጋዩ ገባ ያለ ነው። ልጆች ሆነን ከእህቴ ከቃል ጋር እንጫወትበት ነበር። ዝናቡን ልጠለል ገባሁ። ድሮ ትንሽ እንደገቡ ግድግዳ ነበር። ትናንት ግድግዳ የለም። በዳበሳ ሄድኩ፣ ሄድኩ፣ ጨለማው አለቀና ሜዳ ላይ ወጣሁ።

ሰማይ አለ፣ ፀሐይ የለም። ሁሉም ነገር አመድ ይመስላል። የእንሰቱ ቅጠል ጥቁር ነው፤ ነፋስ ሳይኖር ይወዛወዛል። መንገድ ዳር ሰዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል፣ ዕቃቸውን አቅፈው። ማንም አያወራም። አንዳንዶቹን አውቃቸዋለሁ። ቀብራቸው ላይ ነበርኩ።

ቃልም አለች። የአደጋውን ቀን ሹራብ እንደለበሰች።

ጮኼ አቀፍኳት። ቀዝቃዛ ናት። ትኩር ብላ አየችኝና፣ «ሞላ እንዴ?» አለች።

«ምኑ?»

«መኪናው።»

ሳሮን ነኝ አልኳት፣ ደጋግሜ። ፈገግ አለች። አወቀችኝ ስል፣ «ሞላ እንዴ?» አለች እንደገና። ሌላ የምትለው የላትም።

መመለሱ ግን ቀላል ነበር። በመጣሁበት ጨለማ ተመልሼ በፏፏቴው ውስጥ ዘልቄ ወጣሁ። ከታች ሶዶ፣ የባጃጁ ጡሩምባ፣ ጭቃው። ሁሉም እንደነበረ።

ሐምሌ 9፣ ሐሙስ
ለእማዬ ነገርኳት። በጥፊ ትለኛለች ብዬ ነበር። ተነሳች። ፊቷን ታጠበች። ከሐዘኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ ጠራችኝ፤ ሳሮን፣ አሁኑኑ ውሰጅኝ አለች። አባዬ ቅዳሜ ለዘመድ ጉዳይ ዲምቱ ይሄዳል፣ ያኔ እንሂድ ብዬ ለመንኳት።

ማታ በላች! አባዬ አላመነም። ለእሱ እንዳልነግረው አስምላኛለች፤ ጸሎት እንጂ ሌላ ነገር አይፈቅድም። ምን አለበት፣ አንዴ ታያት። ከዚያ ይወጣላት ይሆናል።

ሐምሌ 11፣ ቅዳሜ
እማዬ አልወጣችም።

እማዬ አልወጣችም።

በባጃጅ እስከሚቻለው፣ ከዚያ በእግር። እሷ ቀድማኝ ትወጣለች፣ እኔ አለከልካለሁ። ቃልን ስታያት አላለቀሰችም። አጠገቧ ቁጭ አለች። ነጠላዋን አውልቃ አለበሰቻት። ቃል ያንኑ ጠየቀቻት። እማዬ፣ «ገና ነው ልጄ። አብረን እንጠብቃለን» አለች። ያን ጊዜ ፈራሁ።

እንሂድ አልኳት። አባዬ ይመጣል፣ ይፈልገናል። በስንት ልመና ተነሳች። እጇን ያዝኩ፤ እሷም ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። በጨለማው አልፈን ፏፏቴው ጋ ደረስን፤ ውሃው ውስጥ ገባሁ። ብርዱ ትንፋሼን ቆረጠው። ማዶ ወጣሁ።

እጄ ባዶ ነው።

ተመለስኩ። እማዬ ውሃው ፊት ቆማለች። ልብሷ ደረቅ። ውሃውን በመዳፏ ትገፋዋለች፣ እንደ ድንጋይ አይነቃነቅም። ጥጉ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ በወላይትኛ ነገረን፦ ውሃው የሚያሳልፈው ውጭ የሚናፍቀው ያለውን ሰው ነው። የሚጠብቀው ያለውን አይደለም። እሱ ራሱ ውጭ ያለን ሰው የሚናፍቅ ከሆነ ነው።

እማዬ ዞራ አየችኝ። «እወድሻለሁ እኮ» አለች።

እዚህ አጠገብሽ ስላለሁ ነው አልኳት። እኔ ልውጣ፣ ከውጭ ልጥራሽ፣ ያኔ እኔን መናፈቅሽ አይቀርም። እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ወጣሁ። ጠራኋት። ድምፄ እስኪዘጋ ጠራኋት።

ገብቼ ሳይ ውሃው ጋ የለችም። ቃል አጠገብ ተቀምጣለች። ፀጉሯን ትሠራታለች።

ሐምሌ 15፣ ረቡዕ
አባዬ አረካ ሄዶ መጣ። የለችም። ዲምቱም የለችም። ፖሊስ ጣቢያ፣ ሆስፒታል፣ የእሷ እህቶች ቤት። ጫማው ጭቃ በጭቃ። ቤ/ክ ጸሎት ይዘዋል።

ጋሽ ሸምሱ፣ ከደጃችን ያለው ባለሱቅ፣ ቅዳሜ ሁለታችንን ባጃጅ ስንሳፈር አይቶናል። ነገረው። አባዬ ጠየቀኝ። ገበያ ላይ ተለያየን አልኩ። አፌ እንዴት እንዳወጣው!

ሰኞ ደግሜ ሄጄ ነበር። ብርድ ልብስ፣ የሚበላም ይዤላት። አልነካችውም። እጇ መቀዝቀዝ ጀምሯል። አባዬ አላረፈም፣ እየፈለገሽ ነው አልኳት። ቀና አለች። ደስ ብሎኝ ጠጋ አልኩ።

«ሞላ እንዴ?» አለችኝ።

እኔን ግን ያን ቀንም ውሃው አሳለፈኝ። ማንን ብዬ እንደሆነ አውቃለሁ። እዚያ ሆኜ በዓይኔ ላይ ሲመላለስ የነበረው ያ ጭቃ የበላው የአባዬ ጫማ ነው።

ሐምሌ 19፣ እሑድ። ከቸርች መልስ
አባዬ ዛሬ ዝማሬው መሐል ቁጭ አለ። ሰው ሁሉ ቆሟል። ቤት ስንገባ አጠገቤ መጣ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«የት እንዳለች ብቻ ልወቅ» አለ። «መቃብርም ቢሆን እገባለሁ። የምታውቂው ነገር ካለ ንገሪኝ ልጄ።»

ውሃ ልቅዳልህ ብዬ ጓዳ ገባሁ። ይኸው እዚህ ቆሜ እጽፋለሁ።

ብነግረው ዛሬውኑ ይሄዳል። ይገባል። ከዚያስ? ለመውጣት እኔን መናፈቅ አለበት። እኔን ይናፍቃል? ይወደኛል፣ አውቃለሁ። እማዬም እወድሻለሁ ብላኛለች፤ ስትል ደግሞ ውሸቷን አልነበረም። ሁለቱንም አግኝቶ፣ ውጭ እኔ ብቻ ቀርቼ፣ ውሃው ይከፈትለት ይሆን? አላውቅም። የማውቅበት መንገድ አንድ ነው፤ እሱን መሞከር።

አልሞክረውም።

ሲፈልጋት ይኑር። መንገድ ለመንገድ ይንከራተት፣ በር በሩን ይይ፣ ሲደክመው ግን ማታ እኔ ጋ ይግባ። እኔም ወደዚያ አልወጣም። እማዬ ትጠብቅ። ቃልም።

እየጠራኝ ነው። ገበያ ላይ ተለያየን። ከዛሬ ጀምሮ የማውቀው ይህን ብቻ ነው።