ማርሚታን ወደ ንጹሕ አማርኛ በመመለሴ ስለ ታሰረው ሰው

ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.
መካነ ኢየሱስ፣ እስቴ

ለተከበሩ ጓድ ሙላው፣ የከተማችን ኬላ ጥበቃ ሰብሳቢ

የተከበሩ ጓድ፣ እኔ የላንድሮቨሯ ሹፌር ጁሃር ጁነይዲ ነኝ። ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ፤ ወገብዎስ ተሻለዎት ወይ? ባለፈው አርብ ከወዳጄ ከበያጁ ከዋሴ ቤት ያንን ቱቦ በትከሻዎ ተሸክመው ሲወጡ ጎብጠው ነበር ስላሉኝ ከልቤ አስቤልዎታለሁ።

ይህንን ደብዳቤ በእጅዎ መስጠት ይገባኝ ነበር። ሆኖም በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት ስለምባል፣ እንዳላቋርጥዎት በማለት በገበያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። እርስዎ ባያነቡት እንኳ ያነበበ ሰው ሳይነግርዎት አይቀርም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ከከተማችን ወደ ደብረ ታቦር በሽተኛ የምታደርሰው መኪናዬ ማርሚታዋ፣ ማለትም የሞተሩን ጭስ የሚያስወጣውና ጩኸቱን የሚያበርደው ቱቦ፣ ተበልቶ ካለቀ ዓመት ሊሞላው ነው። ተራ ብረት አይበረክትላትም፤ እንደ ጋለ ወንዝ ውስጥ ይገባና ይሰነጠቃል፣ የተረፈውን ዝገት ይጨርሰዋል። በክረምቱ ምጥ የያዛትን ውብነሽን ሳደርስ ጭሱ ወደ ውስጥ እየገባ እሷም እኔም ራሳችንን ልንስት ምንም አልቀረን። ልጇን በሰላም ተገላገለች፤ እኔ ግን ማርሚታ ሳላስገጥም ዳግመኛ በሽተኛ አልጭንም ብዬ ማልሁ። ዋሴም የማይዝግ ብረት ካመጣህልኝ ወንዝ እንዳይደርስበት ከጣሪያዋ በላይ ቀጥ አድርጌ እበይድልሃለሁ አለኝ። ይህን ብረት ፍለጋ አዲስ አበባ ምናለሽ ተራ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በመጨረሻ ከፈረሰ የወተት ማቀነባበሪያ የወጣ ሁለት ሜትር ቱቦ አገኘሁና በሰሌን ጠቅልዬ በአውቶቡስ ጣሪያ አመጣሁት።

ከዚህ በኋላ የዋሉልኝን ውለታ በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ/ በነሐሴው ስብሰባ ማርሚታ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን የሚሉት ቃላት የጣሊያን ርዝራዥ ስለ ሆኑ ማመልከቻ ሁሉ በንጹሕ አማርኛ እንዲጻፍ አዝዘው ነበር። እኔም ታዛዥ ነኝና ለቱቦው የኬላ ማሳለፊያ ስጠይቅ ማርሚታ የሚለውን ትቼ «የድምፅ ማፈኛ» ብዬ ጻፍሁ። ቤተ ልሔም ድጓ ቤት የዋሉ ሊቃውንት እንኳ ከዚህ የተሻለ አያወጡለትም ብዬ ኮርቼም ነበር። እርስዎ ማኅተምዎን ያኔውኑ መቱልኝ፤ ያነበቡት ግን ከሳምንት በኋላ ነው። ሲያነቡትም የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ ሆኖ አገኙት።

፪ኛ/ ምርመራዎ ጥልቅ እንደ ነበር ሰምቻለሁ። ከተሰበረ ራዲዮ የወጣች ማግኔት አስጠግተው አልይዝ ስትል፣ ማግኔት የማይዘው ብረት ከጠላት አገር የመጣ ነው አሉ። ቀጥለውም በአንድ ዓይንዎ በቱቦው ሲያጮልቁ ማዶ የታሰረችው የጎረቤታችን የጽጌ አህያ መሐል ላይ ስለ ገባችልዎት የሞርታር አፈሙዝ መሆኑ ተረጋገጠ። ወተት ሲወርድበት የኖረ ቱቦ በአንድ ከሰዓት በኋላ የጠመንጃ ማፈኛም ሞርታርም ለመሆን መብቃቱን ሃያ ዓመት ከብረት ጋር ስኖር አላውቅም ነበርና፣ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

፫ኛ/ እዚህ ላይ አክብሮቴ ቢጎድል ይቅርታዎን እለምናለሁ። እኔ በዚያ ቀን እህል ጭኜ አርብ ገበያ ከተማ ነበርሁ። ቱቦው የተገኘው ዋሴ ዘንድ ስለ ሆነ የታሰረው ዋሴ ነው። ዋሴ መሠረተ ትምህርት ከገባ ገና ሁለት ወሩ ነው፤ ማመልከቻዬን ሊያነብ ቀርቶ ስሙን ለመጻፍም አልደረሰ። እሱ እስከ ዛሬ ማርሚታ ነው የሚለው። ሚስቱ ማንጠግቦሽ ስንቅ ይዛ በራፍዎ ላይ ስድስት ቀን ቆማለች፤ ትናንት ምግቡ ሳይነካ ተመልሶላታል። ማርሚታ ማለት ምን ነውር ነበረው፣ ቃሉን ለምን ቀየርኸው ብላ ጠየቀችኝ። ፈርቻለሁ ጓድ፤ ከእርስዎ ግቢ ወደ ደብረ ታቦር ከተላኩት ውስጥ የተመለሰ ሰው እስካሁን አላየሁም።

፬ኛ/ ትናንት ደግሞ ማኅተምዎ ያረፈበት ትእዛዝ ደረሰኝ። በከተማው ሌላ መኪና ስለ ሌለ፣ ቅዳሜ ጠዋት ዋሴን ወደ ደብረ ታቦር በእኔው ላንድሮቨር እንዳደርስ ይላል። መኪናዬን ሊጠግን የነበረውን ሰው በዚያችው መኪና እንድወስደው ማሰብዎ ለሁለታችንም ያለዎትን አሳቢነት ያሳያል።

ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ቃሉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ማመልከቻው ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው፤ ከፊርማዬ አጠገብ ያለውን ማኅተም ደግሞ እርስዎ ያውቁታል። ዋሴን ለማንጠግቦሽ ይመልሱላትና እኔን ይውሰዱኝ። ቀኑን ሙሉ ከመኪናዬ አጠገብ አልጠፋም።

ለወገብዎ ምሕረትን፣ ለማግኔትዎ ረጅም ዕድሜን እየተመኘሁ፣ ቃል በማውጣት ወንጀል ራሴን ያጋለጥሁ ታዛዥዎ

ጁሃር ጁነይዲ

ግልባጭ፦
ለማንጠግቦሽ (ጎረቤት ያንብብላት)

ማስታወሻ፦ ልመናዬ ተቀባይነት አጥቶ ቅዳሜ ዋሴን ጭነህ ሂድ ካሉኝ ትእዛዝ ነውና እሄዳለሁ። ነገር ግን ድምፅ ማፈኛዋ እርስዎ ቢሮ ስለ ቀረ መኪናዬ ከዚህ እስከ ደብረ ታቦር እየጮኸች ነው የምትሄደው። በየመንደሩ ሰው ምን መጣ ብሎ መውጣቱ አይቀርም። እኔም በየመንደሩ አቆምና ማንን እንደ ጫንሁ፣ ማን እንዳስጫነኝም በንጹሕ አማርኛ እነግራቸዋለሁ።