አጎቴ የተነሱበት ጭብጨባ

ይድረስ ለአባቴ ለከድሮ፣
ድሬዳዋ፣ ራምዚ ሱቅ

ዩኒቨርሲቲው ስለ ምርምሬ ባመሰገነኝ ዕለት፣ የመድረክ መሪው «የተመራማሪዋ አባት እስቲ ይነሱልን» ሲል አጎቴ ሸረፋ ኮታቸውን አስተካክለው ተነሱ፤ አንተ ከኋላቸው ተቀምጠህ ከሰው ሁሉ እኩል አጨበጨብክ። ከዚያች ቀን ወዲህ ድምፅህን አልሰማሁም።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱ፣ አባቴ። ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ ተሻለህ? የድሬ ሙቀት እንቅልፍ ይሰጥሃል ወይ? ወንድሜ ራምዚ ገበያ ሲበዛበት ምሳህን የሚያስታውስህ ሰው አለ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ደህና የምለው ስለ ሰውነቴ ነው። ስደውል ወንድሜ ሁልጊዜ «እየሰገደ ነው» ይለኛል። ይህን ያህል የምትሰግድ ከሆነ ለእኔም ዱዓ አድርግልኝ። በመሠረተ ትምህርት የተማርከውን ፊደል እንዳልረሳህ አውቃለሁ፤ ቀስ እያልክ ራስህ አንብበው፣ ለራምዚ አትስጠው።

ማይክሮፎኑ እጄ ላይ ነበር። አባቴ ከኋላ የተቀመጠው ነው ለማለት ትንፋሽ አላነሰኝም። አፌን ከፈትኩና «አመሰግናለሁ» አልኩ። ይህም አልበቃኝም። ከአዳራሹ ስንወጣ የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ደረጄ አንተን እያየ «እኚህስ ማን ናቸው?» ሲለኝ፣ «ከመስቃን የመጡ አጎቴ ናቸው» አልኩት። ሰምተኸኛል። እጁን ጨብጠህ «አዎ፣ አጎቷ ነኝ፤ ጎበዝ ልጅ ናት» አልከውና ወደ መናኸሪያ ሄድክ። እኔ ዋሸሁ፣ አንተ ውሸቴን ሸፈንክልኝ። እዚያው ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ቤትህ የገባህ መስሎኝ ነበር፤ ድሬዳዋ መሄድህን የሰማሁት ከእናቴ ነው።

ነገሩ እንደ ቀላል ነገር ነው የተጀመረው። ሰፈራችን ከአራተኛ ክፍል በላይ ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ቡታጅራ ደግሞ ቅድሚያው የከተማ መታወቂያ ላለው ሰው ልጅ ነበር። ቡታጅራ የሚኖሩት ሸረፋ «በእኔ ስም ትመዝገብ፣ ምን ይጎዳል?» አሉ። አንተም «ብቻ ትማርልኝ» አልክ። እኔን የጠየቀኝ የለም። ጥፋቴ ብዙ ነው፣ አባቴ፤ ይህኛው ግን የእኔ አይደለም፣ እስከ ዛሬም ቅር ይለኛል።

ስሙ መጉዳት የጀመረው ሥራዬ ሲታወቅ ነው። ኳንተም ኮምፒውተር የሚባለው ማሽን ያለው ውጭ አገር በጥቂት ቤተ ሙከራዎች ውስጥ ነው፤ እኔም በዓይኔ አይቼው አላውቅም። በጣም ስስ ነው፤ እያንዳንዱ የስሌት እርምጃ ስህተት ይጨምርበታል። እኔ እዚህ ወልቂጤ መብራት በመጣ በሄደ ቁጥር እየተነሳሁ እየተቀመጥኩ የሠራሁት፣ እርምጃዎቹ እንዲያንሱ የሚያደርግ የሰርኪዩት፣ ማለትም የስሌቱ ቅደም ተከተል፣ ንድፍ ነው። ንድፉ የጠቀማቸው ተመራማሪዎች በጽሑፋቸው ላይ ስሜን ይጠቅሳሉ፤ የአንድ ሰው ምርምር ምን ያህል እንደጠቀመ የሚለካውም በዚህ ነው። ታዲያ እነሱ የሚጠቅሱት የሰውየውን ስም ሳይሆን የአባቱን ነው። «ሸረፋ» ብቻ ብለው ይጽፋሉ። ጃፓን ያለ ሰው በእኔ ንድፍ ሲጠቀም የሚያመሰግነው ወንድምህን ነው።

ቡታጅራም ወሬውን ሰምታለች። ሱቃቸው በር ላይ የሚቀመጡት «ጋሽ ሸረፋ፣ ኳንተም በኪሎ ስንት ገባ?» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። እሳቸውም «ለአንተ አይነት አይሸጥም» እያሉ ይስቃሉ።

ባለፈው እሁድ ሄጄ ስሜን በፍርድ ቤት ላስተካክል ነው፣ ምስክር ይሁኑልኝ አልኳቸው። «ያበላሁሽ እኔ፣ ያስተማርኩሽ እኔ። አሁን ስሜ ሲጠራ ልትነጥቂኝ?» አሉኝ። ማሳደጋቸውን አልካድኩም። ግን ያን ዕለት ሲነሱ ዞር ብለው ወንድምዎን እንኳ አላዩም አልኳቸው። ባለቤታቸው ሳሌሃ ናት ከጓዳ ሆና «እውነቷን ነው። አጠገብህ ተቀምጬ እኔ ነኝ ያፈርኩት» ያለቻቸው።

ደረጄ በሌላ በኩል ያስፈራራኛል። «ስምሽን ከቀየርሽ የተጠቀሰልሽ ሁሉ ለሁለት ሰው ይከፈላል፤ የዘንድሮ ዕድገትሽን እርሺው» አለኝ። እውነቱን ነው። ሥራዬን ያተሙት መጽሔቶች ስሙን እንዲያርሙልኝ እጽፋለሁ፤ አንዳንዱ ያርማል፣ አንዳንዱ መልስም አይሰጠኝም። የደረጄን ቃል ሰምቼ ፈራሁ፣ ለፍርድ ቤት የጻፍኩትን ማመልከቻም ለጥቂት ቀን ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። አንተን ከዕድገት ጋር አስተያይቼ ማመንታቴ፣ ከዋሸሁት ውሸት እኩል ያሳፍረኛል።

ትናንት አስገባሁት። ቀጠሮው ከዒድ በኋላ ቡታጅራ ነው። መጥተህ «ልጄ ናት» ብትልልኝ ሌላ ምስክር አያስፈልገኝም። ካልመጣህ እናቴ ትመሰክራለች፤ እኔም ወደኋላ አልልም። እሷ የበርበሬውን መደብ ብቻዋን እያዘጋጀች ነው። ጎረቤት ሲጠይቃት «ልጁን ሊያይ ሄደ» ትላለች፤ የትኛውን ልጁን እንደሆነ ግን አትናገርም።

ራምዚን ሰላም በልልኝ፤ ውሸቱን ግን አልወደድኩለትም። ለባለቤቱ ለሃፊዛ፣ አንተን ስለተንከባከበችልኝ ምስጋናዬን አድርስልኝ። ትንሿን ልጃቸውን ሰፍያን ግንባሯን ሳምልኝ። ሳሌሃ በጣም ሰላም ብላሃለች። ሸረፋ ሰላም በይልኝ አላሉም፤ ስወጣ ግን «ያ ሰውዬ ጉልበቱ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እንደ ሰላምታ ቁጠርላቸው።

አባቴ፣ አውፍ በለኝ። ይቅርታህን እለምናለሁ እንጂ እንደ በፊቱ ዝም ብዬ አልኖርም። ሥራዬ የትም አገር ቢደርስ፣ አንተ በሌለህበት ስም እንዲጠራ ከእንግዲህ አልቀበልም። ማንም ሰው፣ እኔም ብሆን፣ አጎት ብሎ እንዲያስተዋውቅህ አልቀበልም። አንተም ለእኔ ብለህ «አጎቷ ነኝ» እንድትል አልቀበልም።

ልጅህ
ባሂራ ከድሮ
ወልቂጤ፣ ግንቦት 10 ቀን 2009 ዓ.ም.